«የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ስለሚል ኢሜይልና ስለ ድርጅት ኢሜይል አያያዝ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ «አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ከቻይና በሚያስመጣ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለዓመታት አብረን ከሠራነው አቅራቢ ጋር ስለ አዲስ ትእዛዝ እየተጻጻፍን ሳለ፣ በዚያው ምልልስ መሐል ‹በኦዲት ምክንያት የባንክ ሒሳባችን ስለተቀየረ ክፍያውን በአዲሱ ቁጥር ላኩልን› የሚል ኢሜይል ደረሰን። የፕሮፎርማው (የቅድሚያ የዋጋ ማቅረቢያ ሰነዱ) ቁጥርም የገንዘቡ መጠንም ልክ ነበር። ባንክ ስንሄድ ሠራተኛው የተቀባዩ ስም ፕሮፎርማው ላይ ካለው እንደሚለይ ስላየ ክፍያው ቆመ። ለአቅራቢያችን ስንደውል ‹እኛ አልጻፍንም› አሉን። የምንጠቀመው ጂሜይል ሲሆን አምስት ሠራተኞች በአንድ የይለፍ ቃል እንገባበታለን። ጉዳያችንን በዝርዝር እንዴት ሊያውቁ ቻሉ? የይለፍ ቃሉን ቀይረናል፤ ይበቃል? ወይስ አድራሻውን ዘግተን አዲስ እንክፈት?»

ጤና ይስጥልኝ። በቅድሚያ ያ የባንክ ሠራተኛ ከድርጅታችሁ የምስጋና ደብዳቤ ይገባዋል፤ ሁለት ወረቀቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በማንበቡ ብቻ ትልቅ ገንዘብ አድኖላችኋል። ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ የይለፍ ቃል መቀየሩ ትክክለኛ እርምጃ ቢሆንም በምንም መንገድ አይበቃም፤ አድራሻውን መዝጋት ደግሞ አያስፈልግም፣ በተለይ አሁን ባለው ሁኔታ ጉዳት ያመጣል። ከሁሉም በላይ ግን ድርጅታችሁ ከዛሬ ጀምሮ አንድ የማይሻር ውሳኔ እንዲወስን እመክራለሁ፤ ይኸውም በኢሜይል ብቻ የመጣ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ፣ ከማንም ይምጣ ከማን፣ ተቀባይነት እንዳይኖረው ነው። ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ከታች ያለው ማብራሪያ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

የደረሰባችሁ የማጭበርበር ዓይነት በመላው ዓለም በስፋት የሚታወቅ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ መቀበያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በንግድ ኢሜይል ማጭበርበር ላይ 21,489 አቤቱታዎችን የተቀበለ ሲሆን፣ የተመዘገበው ኪሳራም ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። አሠራሩ ብዙ ቴክኒክ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። አጭበርባሪው ከሁለቱ ወገኖች የአንዱን የመልእክት ሳጥን ይከፍታል፣ ከዚያም ምንም ሳይነካ ለሳምንታት ያነባል። ማን ትእዛዝ እንደሚሰጥ፣ ማን ክፍያ እንደሚፈጽም፣ እርስ በርሳችሁ በምን ዓይነት ሰላምታ እንደምትጻጻፉ፣ ፕሮፎርማው መቼ እንደሚደርስ ያጠናል። ክፍያው ሊፈጸም አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ብቻ ብቅ ይላል። የፕሮፎርማው ቁጥርም የገንዘቡ መጠንም ልክ የሆነው ገምቶ ስለደረሰበት አይደለም፤ ከደብዳቤያችሁ ላይ ስላነበበው ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የተነበበው የማን ሳጥን ነው የሚለው ነው። የእናንተም የአቅራቢያችሁም ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሚሰጠው ደግሞ ራሱ የሐሰት ደብዳቤው ስለሆነ እባክዎ አያጥፉት። በኮምፒውተር ላይ ደብዳቤውን ከፍተው በመጀመሪያ የላኪውን ስም ሳይሆን ሙሉ አድራሻውን ፊደል በፊደል፣ ቢቻል ለሌላ ሰው ጮክ ብለው እየነገሩ፣ ከቀድሞው ትክክለኛ ደብዳቤ አድራሻ ጋር ያስተያዩ። በእንግሊዝኛው ፊደል አር እና ኤን ጎን ለጎን ሲጻፉ ኤም ይመስላሉ፤ ትንሹ ኤል ከ1 ቁጥር ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ አንድ ፊደል መደገም ወይም መጨረሻው ከዶት ኮም ወደ ዶት ሲኦ መለወጥ በጥድፊያ ለሚያነብ ዓይን አይታይም። በስልክ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት የላኪውን ስም ብቻ በመሆኑ አድራሻውን ለማየት ስሙን መንካት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ከደብዳቤው ጎን ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ተጭነው «ሾው ኦሪጂናል» የሚለውን ይምረጡ። በሚከፈተው ገጽ አናት ላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉ ሦስት ማረጋገጫዎች ማለፋቸው ወይም መውደቃቸው ተጽፎ ያገኛሉ። ኤስፒኤፍ ደብዳቤው የተላከው የአድራሻው ባለቤት በፈቀደው ሰርቨር በኩል መሆኑን ይመረምራል፤ ዲኪም በደብዳቤው ላይ ያለውን ዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል፤ ዲማርክ ደግሞ ከእነዚህ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ እናንተ ከምታዩት የላኪ አድራሻ ጋር መስማማቱን አይቶ፣ ካልተስማማ ደብዳቤው ምን ይደረግ የሚለውን የባለቤቱን መመሪያ ይነግራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሦስቱም ማለፋቸው ደብዳቤው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ደብዳቤው በእርግጥ ከሚታየው የድረ ገጽ ስም እንደወጣ ብቻ ነው የሚያሳየው። አድራሻው አንድ ፊደል የተቀየረበት ከሆነ አጭበርባሪው ያንን ስም ራሱ ገዝቶ በሚገባ ስላዋቀረው ሦስቱም ያልፋሉ። አድራሻው በፍጹም የአቅራቢያችሁ ሆኖ ሦስቱም ካለፉ ግን አጭበርባሪው በእነርሱ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እንደሚጽፍ ጠንካራ ምልክት ነውና ወዲያውኑ በስልክ ልታሳውቋቸው ይገባል። እዚያው ገጽ ላይ «ሪፕላይ ቱ» የሚል መስመር ካለም ያንብቡት፤ ላኪው ትክክለኛ መስሎ መልሳችሁ የሚሄድበት አድራሻ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ምርመራ ያስፈለገበት ምክንያት በኢሜይል አፈጣጠር ውስጥ ያለ ነው። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጻፍ ኔትወርኩን የሚጠቀሙት በአብዛኛው የሚተዋወቁ የምርምር ተቋማት ስለነበሩ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ክፍል አልነበረውም። በፖስታ ላይ የላኪን ስም የሚጽፈው ራሱ ላኪው እንደሆነና ፖስታ ቤቱ መታወቂያ እንደማይጠይቀው ሁሉ፣ ኢሜይልም በመሠረቱ የተጻፈለትን ስም ይዞ ይሄዳል። ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱ ማረጋገጫዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ የተጨመሩ ሲሆኑ፣ ጉግልና ያሁ ለተጠቃሚዎቻቸው መልእክት በብዛት (በጉግል መስፈርት በቀን ወደ 5,000 ወይም ከዚያ በላይ) የሚልኩ ሁሉ ሦስቱንም እንዲያሟሉ ማስገደድ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ነው። አነስተኛ የንግድ ድርጅት ከዚህ ግዴታ ውጭ በመሆኑ አቅራቢያችሁ ዲማርክን ጨርሶ ላያዋቅር ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችሁ ሳጥን እንመለስ፤ ረጅሙንም ክፍል የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም ባየኋቸው ድርጅቶች ሁሉ ሰው የይለፍ ቃል ቀይሮ እፎይ ካለ በኋላ ሌባው ማንበቡን የሚቀጥለው በዚህ በኩል ነው። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ከየትኛው ኮምፒውተር እንደምትሠሩ አስቡ። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ በክራክ (ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ተሰብሮ) የተጫነ ዊንዶውስ ወይም ኦፊስ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር ፕሮግራም፣ ከማይታወቅ ገጽ የወረደ የፋይል መቀየሪያ ካለ፣ በብሮውዘሩ ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችንና የተከፈተውን የጂሜይል መግቢያ ፈቃድ ሰርቆ የሚልክ ተንኮል አዘል ፕሮግራም አብሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚቀየር አዲስ የይለፍ ቃል ለሌባው በእጁ እንደማቀበል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በንጹሕ መሣሪያ፣ ለምሳሌ አዳዲስ ማሻሻያዎቹ በተጫኑለትና አንድ ሰው ብቻ በሚይዘው ኮምፒውተር ላይ ሥሩ፤ የተጠረጠረውን ኮምፒውተር ደግሞ ሰነዶቹን ለይታችሁ አስቀምጡና ሕጋዊ ሲስተም ከባዶ ይጫንበት። ለሕጋዊ ፈቃድ የሚወጣው ገንዘብ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የውጭ ምንዛሪ በሚከፈልበት ኮምፒውተር ላይ በዚህ መቆጠብ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ከዚያ ጂሜይልን በኮምፒውተር ከፍተው ወደ «ሴቲንግስ» ይግቡና ሙሉውን ዝርዝር ይክፈቱ። «ፊልተርስ ኤንድ ብሎክድ አድሬስስ» በሚለው ገጽ እናንተ ያልፈጠራችሁት ፊልተር (የሚገቡ ደብዳቤዎችን በራሱ የሚለይ ትእዛዝ) መኖሩን ይዩ። ሌባው ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጠው ፊልተር የአቅራቢውን ስም ወይም ኢንቮይስ፣ ፔይመንት፣ ባንክ የሚሉ ቃላትን የያዘ ደብዳቤ ሲመጣ ኢንቦክስ ሳይገባ፣ እንደተነበበ ሆኖ፣ ወደ አርካይቭ ወይም ወደ ትራሽ እንዲሄድ የሚያዝ ነው። በዚህ መንገድ የእውነተኛው አቅራቢ ደብዳቤ ከዓይናችሁ ይሰወራል፤ እናንተ የምታዩት የሌባውን ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ «ፎርዋርዲንግ ኤንድ ፖፕ አይማፕ» በሚለው ገጽ የእያንዳንዱ ደብዳቤ ቅጂ ወደማታውቁት አድራሻ እንዲሄድ ተደርጎ እንደሆነ ይመርምሩ። «አካውንትስ» በሚለው ገጽ ደግሞ ለሌላ ሰው የተሰጠ የመግቢያ ውክልና እና በእናንተ ስም ለመላክ የተጨመረ አድራሻ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ። የይለፍ ቃል ሲቀየር እነዚህ ትእዛዞች ባሉበት ይቀጥላሉ፤ «ይበቃል?» ላሉት ጥያቄ አይበቃም ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንዱንም ከማጥፋታችሁ በፊት ግን የገጹን ፎቶ አንሡ፤ በፊልተሩ ውስጥ ያሉት ቃላትና የተቀባዩ አድራሻ ማስረጃ ናቸው።

በኢንቦክሱ ግርጌ በስተቀኝ በኩል «ዲቴይልስ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ አለች። እርስዋን ሲጫኑ ሳጥኑ በቅርቡ የተከፈተባቸው ጊዜያት፣ መሣሪያዎችና አገሮች ይዘረዘራሉ። አምስታችሁም አዳማና አዲስ አበባ ሆናችሁ ሳለ ከሌላ አገር የገባ ካለ ጥርጣሬው ተረጋገጠ ማለት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ቪፒኤን (ያለበትን ቦታ የሚሰውር መተግበሪያ) የሚጠቀም ሠራተኛ ካለ እርሱም በውጭ አገር ስም ስለሚታይ አስቀድማችሁ ተጠያየቁ። ከዚያ በጉግል አካውንቱ የደኅንነት ገጽ ላይ የማታውቋቸውን መሣሪያዎችና መተግበሪያዎች በሙሉ አስወጡ፤ የመልሶ ማግኛ ስልክና ኢሜይልንም ተመልከቱ።

በመልሶ ማግኛ ስልኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በእኛ አገር የተለየ መልክ አለው። አዳማ ውስጥ ፍራንኮም ሆነ ፖስታ ቤት አካባቢ ስልክ የገዛ ሰው ጂሜይሉን ብዙ ጊዜ የሚከፍትለት ባለ ሱቁ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚመርጠው ባለ ሱቁ ነው፤ ለብዙ ደንበኞች አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል የሚሰጥም አለ፤ ማረጋገጫ ስልክ ሲጠየቅም ለፍጥነት የራሱን ቁጥር ያስገባል። በክፋት የሚያደርገው አይመስለኝም፤ ነገር ግን ያ ቁጥር በማን እጅ እንዳለ ከዓመታት በኋላ ማንም አያውቅም፣ የአካውንቱ የመጨረሻ ቁልፍ ደግሞ እርሱ ነው። የድርጅታችሁ ኢሜይል መጀመሪያ በማን ስልክ እንደተከፈተ ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ቁጥር ከሆነ፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ስላልተሠራበት ለሌላ ሰው የተሰጠ ሲም ከሆነ፣ ዛሬውኑ በድርጅቱ ስም በተመዘገበ ቁጥር ተኩት። ጉግል ከለውጡ በኋላም እስከ 7 ቀን ድረስ የማረጋገጫ ኮድ ወደ ቀድሞው ቁጥር ለመላክ አማራጭ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ከሳምንት በኋላ ፊልተሮቹንና መሣሪያዎቹን እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል።

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ካላበራችሁ አሁን አብሩ። በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም በሐሰት መታወቂያ ሲም ካርድ አስወጥቶ ኮዱን መቀበል ስለሚቻል፣ በተጨማሪም ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ሥራ ስለሚያስፈታ፣ ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያ ይመረጣል። መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት በየ30 ሰከንዱ ባለ 6 አኃዝ ኮድ ይሰጣል፤ የስልኩ ሰዓት ከተዛባ ግን ኮዱ ተቀባይነት ስለማያገኝ ሰዓቱ ራሱን በራሱ እንዲያስተካክል ይደረግ። ጉግል የሚሰጣችሁን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት አትማችሁ ከቼክ ደብተሩና ከማኅተሙ ጋር ቆልፉባቸው፤ እያንዳንዱ ኮድ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮድ ሲደርሳችሁ «ከጉግል ነው የምደውለው፣ ከቴሌ ነው የምደውለው» እያለ ንገሩኝ ለሚል ሰው አንዲት አኃዝ እንኳ አይነገርም። የሐሰት መግቢያ ገጽ የይለፍ ቃሉንም ኮዱንም በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ወዲያው ሊጠቀምበት እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም፤ ከዚህ የሚከላከለው ከትክክለኛው ገጽ ውጭ የማይሠራው ፓስኪ (በይለፍ ቃል ፈንታ በስልኩ መክፈቻ የሚገባበት ዲጂታል ቁልፍ) ስለሆነ ስልካችሁ የሚፈቅድ ከሆነ እርሱን ምረጡ።

የይለፍ ቃሉን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ረጅም ይሁን፣ ለሌላ ለምንም ነገር አገልግሎት ላይ ያልዋለ ይሁን። አራት አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፈው ሲያያዙ በቀላሉ ይታወሳሉ፣ ለመገመትም ያስቸግራሉ። የድርጅቱ ስምና የስልክ ቁጥር የመጨረሻ አኃዞች ጨርሶ አይሆኑም። በየሦስት ወሩ መቀየር የሚለው ልማድም ከእንግዲህ አይመከርም፤ የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ መቀየር ያለበት ተሰርቋል የሚያሰኝ ምልክት ሲኖር እንደሆነ ገልጿል፤ ሰው በግድ ሲቀይር መጨረሻው ላይ ቁጥር እየጨመረ ስለሚሄድ።

አምስት ሰዎች በአንድ የይለፍ ቃል መግባታቸው ግን መቆም አለበት። ስጋቱ ሠራተኛን ካለማመን የሚመጣ አይደለም። አምስት ሰው በየራሱ ስልክና በየራሱ ኮምፒውተር ሲገባ ከአምስቱ ደካማው የሁሉም በር ይሆናል፤ አንዱ ሥራ ሲለቅ ማን ምን እንደያዘ ማወቅ አይቻልም፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ኮዱ ወደ አንድ ስልክ ስለሚሄድ ያስቸግራልና ሰው አጥፉት ማለት ይጀምራል። በነጻው ጂሜይል ላይ ያለው የውክልና አገልግሎት ይህን በሚገባ ይፈታል። በኮምፒውተር «አካውንትስ» በሚለው ገጽ ገብታችሁ እስከ 10 ለሚደርሱ ሰዎች በየራሳቸው ጂሜይል በኩል የድርጅቱን ሳጥን እንዲከፍቱ መፍቀድ ይቻላል። እያንዳንዱ በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ ያነባል፣ ይጽፋል፤ የዋናውን ሳጥን የይለፍ ቃል ግን አያውቀውም፣ ሊቀይረውም አይችልም። ሠራተኛው ሲለቅ ስሙን ማንሣት ብቻ ይበቃል። ዋናውን የይለፍ ቃል ሥራ አስኪያጁና አንድ ሌላ ኃላፊ ብቻ ይያዙት።

ለብዙ ሰው በተከፈተ ሳጥን ሌላው ችግር አንዱ «እከሌ መልሶታል» ብሎ ሲተወው፣ ሌላውም እንዲሁ ሲያስብ ደብዳቤ ሳይመለስ መቅረቱ ነው። ሌባ የሚገባው እንዲህ ባለው ክፍተት ነው፤ ማንም የእኔ ነው የማይለው ምልልስ በዝርዝር የሚያነበው ባለቤት የለውም። ለእያንዳንዱ አቅራቢ አንድ ተጠያቂ ሠራተኛ መድቡ፤ በርእሱ መስመር ላይ የፕሮፎርማው ቁጥር ሁልጊዜ ይጻፍ፤ አንድ ምልልስ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይያዝ። ለአቅራቢው፣ ለትራንዚተሩና ለባንኩ የየራሳቸው ሌብል (መለያ ምልክት) ቢኖራቸው የሞጆ ደረቅ ወደብ ሰነድ በሚፈለግበት ቀን ፍለጋው አያደናብርም። በስሕተት የተላከ ደብዳቤን መመለስ የሚቻልበትን ጊዜ ከነባሩ 5 ሰከንድ ወደ 30 ሰከንድ ከፍ አድርጉት። ትራሽ ውስጥ የገባ ደብዳቤ ከ30 ቀን በኋላ ለዘለዓለም ስለሚጠፋ የንግድ ሰነድ አርካይቭ ይደረግ እንጂ አይጥፋ።

ስለ አባሪ ፋይሎች አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮፎርማ፣ ፓኪንግ ሊስት ወይም ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የጭነት ሰነድ) ብሎ የመጣ ፋይል ሲከፈት የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል ከጠየቀ ሰነድ አይደለም፤ የሐሰት መግቢያ ገጽ ነው። መጨረሻው ኤችቲኤምኤል የሆነ፣ ወይም በይለፍ ቃል ተቆልፎ ቁልፉ በዚያው ደብዳቤ የተጻፈለት ዚፕ ፋይል ይበልጥ ያጠራጥራል፤ ዚፑ የሚቆለፈው ብዙውን ጊዜ የጉግል መመርመሪያ ውስጡን እንዳያይ ነው። ለሌላው ፋይል፣ ከማውረድ በፊት ጂሜይል ውስጥ ባለው ማሳያ መመልከት ጥሩ ልማድ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው ልመለስ፤ ምክንያቱም የእናንተ ሳጥን ፍጹም ንጹሕ ቢሆን እንኳ የአቅራቢያችሁ ሳጥን በእናንተ ቁጥጥር ሥር አይደለም። የአቅራቢውን የባንክ ስም፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የስዊፍት ኮድ (ባንኩ በዓለም አቀፍ ዝውውር የሚለይበት ኮድ) እና የተቀባይ ስም በወረቀት ጽፋችሁ፣ ሥራ አስኪያጁ ፈርሞበት በፋይል ይቀመጥ። እያንዳንዱ አዲስ ፕሮፎርማ ሲደርስ ከዚህ ወረቀት ጋር ይስተያይ። ልዩነት ካለ ክፍያው ቆሞ ለአቅራቢው ይደወል፤ የሚደወለው ግን አጠራጣሪው ደብዳቤ ግርጌ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ከዚህ በፊት በምታውቁትና በወረቀቱ ላይ በመዘገባችሁት ቁጥር ነው። የዊቻት (የቻይናው የመልእክት መተግበሪያ) መልእክትም ብቻውን አይበቃም፤ የምታውቁትን ሰው ድምፅ መስማት ይሻላል፣ ያም ሰው አዲሱን ቁጥር ከእናንተ ሰምቶ «አዎ» ከሚል ይልቅ ራሱ አኃዝ በአኃዝ እንዲነግራችሁ ይደረግ። ቻይና ከኢትዮጵያ በ5 ሰዓት ስለምትቀድም አዳማ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ እኛ ለምሳ ስንወጣ እነርሱ ቢሮ ይዘጋሉ። ስለዚህ የክፍያ ማረጋገጫ ጥሪ ጠዋት የሚሠራ ሥራ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ የመጣ «ዛሬ ካልተከፈለ ዕቃው አይጫንም» የሚል ደብዳቤም እስከ ነገ ጠዋት ይቆይ። እውነተኛ አቅራቢ ለአንድ ሌሊት ብሎ ደንበኛውን አያጣም።

በኤልሲ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) የሚፈጸም ክፍያ ተቀባዩ በባንኮች መካከል በሚተላለፍ ሰነድ ላይ ስለሚጻፍና ለውጡም መደበኛ ማሻሻያ ስለሚጠይቅ ለዚህ ዓይነቱ ማታለል ያን ያህል የተጋለጠ አይደለም። በቲቲ (በቀጥታ የባንክ ዝውውር) የሚላክ ቅድሚያ ክፍያ ግን እናንተ ባስገባችሁት ቁጥር በቀጥታ ይሄዳል። እግዚአብሔር አያድርገውና ገንዘብ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ መጀመሪያ የሚደረገው የራሳችሁ ባንክ በዚያው ሰዓት ለተቀባዩ ባንክ በስዊፍት የመመለስና የማገድ ጥያቄ እንዲልክ ማመልከት ነበር፤ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሒሳብ እስኪዘዋወር ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ በዚህ ነገር ላይ የሚያሳፍርም የሚደበቅም የለም። ሙከራው ባይሳካም ለፖሊስና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ማመልከት ይገባችኋል፤ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትም ሆነ በኮምፒውተር ማታለል በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ለማስረጃ የሐሰት ደብዳቤውን ከነ«ሾው ኦሪጂናል» ገጹ አውርዳችሁ ያዙ።

ሌባው በእናንተም ስም ለሌሎች ጽፎ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። የተላኩና ትራሽ ውስጥ ያሉ ደብዳቤዎችን አንብቡ፤ ከእናንተ ዕቃ ለሚረከቡ የአዳማ ደንበኞችና ለትራንዚተራችሁም በስልክ አሳውቁ። ይህን ዜና መናገር ስም ያጠፋል ብሎ መደበቅ፣ ደንበኛው ገንዘቡን በሌላ ሒሳብ አስገብቶ «ከፍያለሁ» የሚልበትን ቀን መጠበቅ ይሆናል።

በመጨረሻ አድራሻውን እንዝጋ ወይ ላሉት። ብትዘጉት ማስረጃው አብሮ ይሄዳል፤ በዚህ አድራሻ የተመዘገባችሁባቸው የንግድ ፈቃድ፣ የታክስ፣ የጉምሩክና የባንክ የኤሌክትሮኒክ አገልግሎቶችም መልሶ ማግኛቸውን ያጣሉ። ስለዚህ አጽዱት፣ ቆልፉት፣ ተጠቀሙበት። ከጊዜ በኋላ አቅም ሲኖራችሁ በድርጅቱ በራሱ የድረ ገጽ ስም ወደሚሠራ ኢሜይል መሸጋገሩን እደግፋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አድራሻ መስጠትም መዝጋትም በእጃችሁ ይሆናል። ስሙ ሲመዘገብ ድረ ገጹን በሚሠራላችሁ ባለሙያ ስም ሳይሆን በድርጅቱ ስም ይመዝገብ፣ የዓመት ክፍያውም አይለፍ፤ ጊዜው ያለፈበትን ስም ሌላ ሰው ገዝቶ የእናንተን ደብዳቤ መቀበል ይችላል። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ መዋቀራቸውን ከባለሙያው ጋር ቁጭ ብላችሁ ወደ ጂሜይል የሙከራ ደብዳቤ በመላክ «ሾው ኦሪጂናል» ላይ ተመልከቱ። የቀድሞው ጂሜይልም ወደ አዲሱ እያስተላለፈ ይቆይ፤ ጉግል 2 ዓመት ያልተገባበትን አካውንት ሊሰርዝ ስለሚችል አልፎ አልፎ ይከፈት። አቅራቢያችሁ የአድራሻ ለውጣችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሰው ልክ እናንተ በደረሳችሁ ደብዳቤ ዓይን ሊያየው ስለሚገባ፣ ደብዳቤውን ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ንገሩት፣ ከላካችሁም በኋላ እርሱ በሚያውቀው ቁጥራችሁ መልሶ እንዲደውል ጠይቁት።